ጠመንጃ አዳማጩ

መርማሪዋ ወደ ጠመንጃ ጠጋኙ ሱቅ ስትደርስ አስከሬኑ ገና ከበርጩማው አልተነሣም ነበር። ሽማግሌው እንደተቀመጠ ወደ ግድግዳው ዘንበል ብሏል። አንድ አሮጌ የአደን ጠመንጃ ሰደፉ ወለሉን ረግጦ በጉልበቶቹ መካከል ገብቷል፤ አፈሙዙ ትከሻው ላይ ተንጋሏል። ፊቱን ልጁ በሥራ ሽርጡ ሸፍናዋለች፤ ከዚያ በላይ ማየት አልቻለችም።

«ነገሩ ያፈጠጠ ነው» አለ የጣቢያው አዛዥ፣ ኮፍያውን አውልቆ እንደገና እያጠለቀ። «ጠመንጃውን በጉልበቱ መሀል አቁሞ፣ አፉን አገጩ ሥር አድርጎ ተኮሰ። በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ልጁ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ነው ያገኘችው። እትዬ፣ እርስዎን ያስጠራሁት ለደንቡ ያህል ነው።»

«ለደንቡ ያህልም ቢሆን መጥቻለሁ። እስቲ መቀመጫ ፈልግልኝ።»

መቀመጥ ልማዷ ነው። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እትዬ ዝግታ» ይሏታል፤ ሌላው ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ እሷ ገና ወንበር እየፈለገች ነው ብለው ይቀልዱባታል። ስሙ ጆሮዋ ደርሷል፣ አልከፋትም። የሞተ ሰው ቤት ውስጥ መቸኮል ከልጅነቷ ጀምሮ ነውር ይመስላታል። የመጣላት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች።

ከበርጩማው አጠገብ ሁለት ወፋፍራም ጥይቶች ወድቀዋል። ቂጣቸው ነሐስ፣ ገላቸው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ቀይ ቀለም ተቀብቷል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«የውሸት ጥይት ናቸው። ባሩድ የላቸውም። ጠጋኞች መሣሪያው በደንብ ያጎርስ እንደሆነ የሚሞክሩባቸው ናቸው። ጠመንጃው ውስጥም ሁለት ቀርተዋል።»

«እሳቸውን የገደላቸውስ?»

«እሱማ የእውነት ነው። ባዶ ቀለሁ እዚያው ውስጥ አለ። ቡናማ ነው፣ ቀለም አልተቀባም።»

መርማሪዋ ነገሩን በሐሳቧ ደጋገመችው። ይህ ዓይነቱ ጠመንጃ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን እንጨት ወደ ኋላ ስበው ወደ ፊት ሲገፉት ነው የሚያጎርሰው። እንደገና ሲስቡት የፊተኛውን ይተፋና ቀጣዩን ይጎርሳል። ሁለት የውሸት ጥይት ወለሉ ላይ አለ ማለት ሰውየው ሁለቱን አጉርሶ አስተፍቷል፤ ሦስተኛው ላይ ነው የሞተው።

«አዛዥ፣ ራሱን ሊገድል የቆረጠ ሰው አንዷን የእውነት ጥይት በአራት የውሸት መሀል ከቶ ተራዋን ይጠብቃል?»

«የሰው ልብ ምን ይታወቃል፣ እትዬ።»

«እኔ ልቡን አላነበብኩም፤ ወለሉን ነው ያነበብኩት።»

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ክፍሉን ዞረችው። መሣሪያው ሁሉ በየቦታው ነው፤ መፍቻው፣ ብሎን ማጥበቂያው፣ ዘይት ማንቆርቆሪያው፣ አንዱም ከመሥመሩ አልወጣም። የሥራ ጠረጴዛው ተወልውሎ ያበራል። ነገር ግን ከጠረጴዛው በላይ የተንጠለጠለው አምፑል ተቃጥሏል፤ ሸረሪት ድሯን አድርታበታለች። አጉሊ መነጽሩ ላይ ያለው አቧራ በጣት ቢጽፉበት ያስነብባል። የግድግዳው ሰዓት መስታወት የለውም። መርማሪዋ የአምፑሉን ማብሪያ ሁለቴ ተጭና ሞከረች፣ አልበራም፤ ወደ ጓሮ ወጣች።

ልጅቷ ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሕፃናት የምታስተምር ሴት ናት፤ ቀሚሷ ላይ ጠመኔ አለ። እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ታያቸዋለች። አላለቀሰችም። አዛዡ እንኳን ይህ ነገር አስፈርቶት በሩ ላይ ቀረ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ሳትጠየቅ።

አዛዡ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አስገባ።

«በጠመንጃ አይደለም። በአፌ ነው። ትናንት ማታ ራት ላይ ሥራህን ተው አልኩት። እንቢ አለኝ። ደጋግሜ ለመንኩት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ተናደድኩና ‹አባዬ፣ አንድ ቀን በዚህ እጅህ ሰው ትገድላለህ› አልኩት። ሳህኑን ገፍቶ ተኛ። ጠዋት ሳልነቃ ወጥቷል። ይቅርታ ልጠይቀው ትኩስ ዳቦ ይዤ ብመጣ...»

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ያለው አምፑል ከተቃጠለ ብዙ ጊዜው ነው?»

ልጅቷ ቀና አለች።

«አያዩም ነበር፤ አይደል?»

«ማን ነገረዎት?»

«አቧራው ነገረኝ። እንዲህ ጠረጴዛውን የሚወለውል ሰው አጉሊ መነጽሩን እንዲያ አይተወውም። ሰዓቱንም መስታወቱን ያነሡት በጣት ለማንበብ ነው።»

ልጅቷ ወደ በሩ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የዓይን ግፊት ነው አሉት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እየጨለመበት ሄዶ ሄዶ ጠፋ። ለሰው እንዳትናገሪ ብሎ አስማለኝ። ሰው ካወቀ ጠመንጃውን ለግምት የሚያመጣለት የለም። ቁጥሩን፣ ጽሑፉን ማታ ማታ እኔ አነብለታለሁ፤ ሌላውን በጣቱና በጆሮው ይጨርሰዋል። ይህን የመጨረሻውን ግን አንብቢልኝ አላለኝም።»

«እዚሁ ጎን የሚሠራው አጎትሽስ አያውቅም?»

«አጎቴ በተለይ እንዳይሰማ ብሏል። ‹እሱ ካወቀ ልቡ ይሰበራል› አለኝ።»

«የውሸቱን ጥይት ከእውነተኛው በምን ነበር የሚለዩት?»

«ቀለሙን ድሮ እኔ ነኝ የቀባሁለት። አሁን አሁን ግን...» አሰበች። «እንጃ። ከሳጥናቸው ያወጣቸዋል፣ እዚያው ይመልሳቸዋል። ሌላ ጥይት ሱቁ ውስጥ አያስገባም ነበር።» ከዚያም ፊቷን ወደ መርማሪዋ አዞረች። «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እኔ ባልኩት ነገር ነው የሞተው?»

«ዛሬ አላውቅም። ሳውቅ ደስ ቢልሽም ባይልሽም እነግርሻለሁ።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

የጠመንጃው ባለቤት ጥርስ ሐኪም ነው። አሮጌ መሣሪያ መሰብሰብ የዕድሜ ልክ አመሉ ነው፤ የታካሚ ወንበሩ ፊት ለፊት ያሉት ሥዕሎች እንኳን ጠመንጃ ናቸው፣ ልጆች አይተው ይበልጥ ያለቅሳሉ እየተባለ ይታማል። መርዶውን ሰምቶ ክሊኒኩን ዘግቶ ነበር።

«እንደሳቸው የሚያውቅ የለም» አለ። «ሰው አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ ውድ ይመስለዋል። እሳቸው ግን ያገላብጡታል፤ እንጨቱ የራሱ ነው ወይስ የተለወጠ፣ አፈሙዙ ከገላው ጋር አብሮ የተሠራ ነው ወይስ ከሌላ የመጣ፣ ዝገቱ ተፍቆ ቀለም ተነክሮ እንደሆነ። ይህ የኔው በቁጥሩ ከሆነ ፋብሪካው መጀመሪያ ካወጣቸው ጥቂቶች አንዱ ነው። እንደዚያ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው፤ ካልሆነ ደግሞ ወፍ ማባረሪያ ነው።»

«ቁጥሩ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

«ቁጥር ይዋሻል፤ የውስጥ ዕቃው አይዋሽም። ስለዚህ ያዳምጡታል።» ጥርስ ሐኪሙ ባዶ እጁን እንደ ጠመንጃ ይዞ አሳያት። «ሰደፉን መሬት ላይ ያቆማሉ። የውሸቱን ጥይት ይሞላሉ። ቃታውን ተጭነው እንደያዙ እንጨቱን ስበው ይገፉታል። በጥንቶቹ ላይ እንጨቱ ወደ ፊት እንደደረሰ መቺው በራሱ ይወድቃል፤ ቃታ እንደገና መሳብ አያስፈልግም። በኋለኞቹ ላይ ፋብሪካው አደገኛ መሆኑን አይቶ አስቀርቶታል። አወዳደቁን ሰምተው ዕድሜውን ይናገራሉ። ሁልጊዜ በማለዳ ነው፣ መንገዱ ጫጫታ ሳይጀምር።»

«ጆሯቸውን የት ያደርጋሉ?»

«ወደ ታች ጎንበስ ብለው...» አለና እጁ አየር ላይ ቀረ። «ፊታቸው አፈሙዙ አጠገብ ነው የሚሆነው። ባለፈው ዓመት ነው እንዲህ ማድረግ የጀመሩት፤ ድሮ እንኳ ከሩቅ ነበር የሚሰሙት። ጆሯቸው የደከመ መስሎኝ ነበር። ዓይናቸው ግን የንስር ነው።»

«ስለዚህ ጠመንጃ ምን ነገሩዎት?»

ጥርስ ሐኪሙ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ሟችን አላማም። በዚህ ይለፉኝ።»

መርማሪዋ አልተጫነችውም። እንዲህ ያለ ሰው ሲገፉት ይዘጋል፤ ሲተዉት ነው የሚከፈት።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሰደፍ ጠራቢ ነው። ክፍሉ ከሱቁ ጋር በአንድ በር ይገናኛል፤ ወለሉ በሰጋቱራ ተሸፍኗል። በዚያ ቀን እንኳ አንድ ያልተጨረሰ ሰደፍ ይዞ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። እንባው እንጨቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ በእጅጌው ጠርጎ ይቀጥላል።

«እጄን ካቆምኩት እብዳለሁ» አለ። «እሱ ነው ያሳደገኝ። አባትም እናትም ሆኖ። ይህን መጋዝ አያያዝ እንኳ እሱ ነው ያስተማረኝ።»

መርማሪዋ ከሱቁ ያመጣቻቸውን አራት ቀያይ ጥይቶችና ባዶ ሳጥናቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ምናልባት ተሳስተው ይሆን? የእውነቱን ጥይት ከውሸቱ ቀላቅለው?»

ሰውየው መፈግፈጉን ተወ። «ማን? ወንድሜ? እሱ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም። እጁ አይሳሳትም፣ እትዬ። ስለሌላው ያሻዎትን ይበሉ፣ ወንድሜን ግን በሥራው አይንቀፉት።»

እየተናገረ ጥይቶቹን አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ሳጥኑ ይመልሳቸዋል። ዓይኑ መርማሪዋ ላይ ነው። አውራ ጣቱ ግን እያንዳንዱን በነሐሱ ጠርዝ ዙሪያ አንድ ጊዜ ያዞረዋል፣ ቆም ይላል፣ ከዚያ ይከተዋል። መርማሪዋ አየችው።

«ዓይናቸው እንዴት ነበር?»

«ዓይኑ?» ሰውየው ደንገጥ አለ። «ዓይኑ ምን ሆነ? ከኔ የተሻለ ያያል።»

«እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው» አለችና ሳጥኑን ይዛ ተነሣች።

ወደ ሱቁ ተመልሳ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ሽማግሌው የተቀመጠበት በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። ከቀይ ጥይቶቹ አንዱን አንሥታ አውራ ጣቷን በነሐሱ ጠርዝ ላይ አዞረች። የሆነ ቦታ ጣቷ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነገር ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም እንዲሁ፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። በመጨረሻ የገደለውን ባዶ ቀለህ አዞረችው። ጎድጓዳው እሱም ላይ አለ።

ዓይኗን አልገለጠችም። ከዚያ ጠመንጃውን አስመጥታ ቁጥሩን ደባበሰችው፤ ሌላውን ጽሑፍም ደባበሰችው። መሳቢያዎቹን ከፈተች። ሰደፍ ጠራቢው ወደ ለቅሶው ሲሄድ ክፍሉ ገብታ ሰጋቱራ የተጠራቀመበትን ጆንያ ዘረገፈች፣ የሞረዶቹን ጥርስ በነጭ ጨርቅ ላይ አራገፈች። አዛዡ ምሳው እንደቀረበት ሦስት ጊዜ አስታወሳት።

ከቀብሩ ማግስት ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ ጥቁር ለብሳ ግድግዳውን ተደግፋለች። አጎቷ አጠገቧ ቆሞ ትከሻዋን ይዟል። ጥርስ ሐኪሙ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። አዛዡ በሩ ጋ ነው።

«ነገሩን ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ፤ ሌላ አልችልበትም» አለች መርማሪዋ። «ሽማግሌው ራሳቸውን አላጠፉም። ቃታ ተጭነው አጉርሰዋል፣ አድምጠዋል፤ እንደገና አጉርሰዋል፣ አድምጠዋል። ሦስተኛውን ሲገፉ የመጣው የእውነት ጥይት ነበር። ጠመንጃው ደግሞ የጥንት ነው፤ ቃታው ተጭኖ ከተያዘ በራሱ ይተኩሳል። ሥራ ላይ ነው የሞቱት።»

«እንግዲያ አደጋ ነው» አለ አዛዡ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን ይህን ቀለህ ተቀበለኝ። ጠርዙን በጣትህ ዙረው።»

አዛዡ አዞረው። «ተፍቋል።»

«የውሸቶቹም ሁሉ ተፍቀዋል። ሽማግሌው ናቸው የፋቋቸው፤ ምክንያቱም ማየት አቁመው ነበር።»

ጥርስ ሐኪሙ ባርኔጣውን ማሽከርከሩን ተወ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ይቅር በለኝ አባዬ» አለች በሹክሹክታ።

«ቀዩን ቀለም ስለማያዩ በጣታቸው የሚያነቡት ምልክት ሠሩ። ለልጃቸው እንኳ አልነገሩም። እንግዲህ አስቡት። ይህን የእውነት ጥይት ሳጥኑ ውስጥ ያስገባ ሰው የሚያይ ሰው ሊያታልል ቢፈልግ ቀይ ይቀባው ነበር። ቀለሙን አልነካውም። ጠርዙን ፋቀው። ዓይነ ሥውር መሆናቸውን ያውቃል፣ በምን እንደሚለዩም ያውቃል። በሩ ተቆልፎ ይሁን አይሁን ለዚህ ሰው ግድ የለውም። ማታ አስቀምጦ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል።»

መርማሪዋ ቀለሁን ከአዛዡ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ዶክተሩ ዓይናቸው የንስር ነው አሉኝ፤ አያውቁም። ልጃቸው ዓይናቸውን ታውቃለች፣ ምልክቱን ግን አታውቅም፤ በምን እንደሚለዩ ስጠይቃት ግራ ገባት። አንድ ሰው ብቻ ‹እጁ አይሳሳትም› አለኝ። ያን እያለኝም ጥይቶቹን ሳያይ በአውራ ጣቱ ጠርዛቸውን እያዞረ ወደ ሳጥኑ መለሳቸው። ስለ ዓይናቸው ብጠይቀው ደግሞ ‹ከኔ የተሻለ ያያል› አለኝ።»

የአጎቷ እጅ ከልጅቷ ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ወንድሜ ሲያደርግ አይቼ የለመድኩት ነው» አለ። «እጅ ነው፤ የራሱ ልማድ አለው። በዚህ ሰው ይወነጀላል?»

«በዚህ ብቻ አይወነጀልም። ሽማግሌው የፋቁት በክብ ሞረድ ነው፤ ጎድጓዳው ክብ ነው። የገደላቸው ጥይት ላይ ያለው ግን ሹል ነው፤ የመጋዝ ጥርስ በሚሳልበት ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ነው የተፋቀው። መጋዝ የሚስለው እዚህ ቤት አንድ ሰው ነው። ሞረድዎ እንጨት ነክቶ አያውቅም፣ ብረት ብቻ ነው የሚስለው፤ ጥርሱ ውስጥ ግን ነሐስ አገኘሁ። ቦታውን የለቀቀው አምስተኛው ቀይ ጥይት ደግሞ ከሰጋቱራው ጆንያ ሥር ነበር። ሊያቃጥሉት አስበው ይሆናል፤ ሐዘንተኛ በዝቶብዎት አልተመቸዎትም።»

«ለምን ብዬ?» አለ ሰውየው። «ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

«ለዚህ ጠመንጃ ብለው። ዓይኔን ጨፍኜ ደባበስኩት። የፋብሪካው ጽሑፍ ሁሉ ጠርዙ ልሟል። ቁጥሩ ግን ይቧጭራል፤ ከሥሩም ብረቱ ስርጉድ ብሏል። የድሮው ቁጥር ተፍቆ በላዩ ሌላ ተመትቷል፣ የጥንት ቢሆንም ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች ያልሆነውን ጠመንጃ ከእነሱ ጋር የሚያስመድብ ቁጥር። ዓይን ላይለየው ይችላል፤ ጣት ይለየዋል። ከአሃዞቹም ሰባቱ እግሩ የጎደለ ነው። በዚያ መሳቢያ ውስጥ ከአባታችሁ የተወረሱ የቁጥር መምቻዎች አሉ፤ ሰባቱን ሻማ ላይ መታሁት፣ እግሩ የጎደለ ነው። ሽማግሌው ያን ሰባት በጣታቸው ሲያገኙት የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አውቀዋል። ለዚህ ነው ልጃቸውን አንብቢልኝ ያላሏት።»

«መምቻው የሁለታችንም ነው! እሱስ ቢሆን?»

«መሥመሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። ዶክተሩ ይህን ጠመንጃ በእርስዎ አሻሻጭነት የገዙት ዘንድሮ ነው፣ የተመታውም አዲስ ነው። ዓይነ ሥውር ቁጥር በአንድ መሥመር አይመታም።» ወደ ጥርስ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር፣ ሟችን አላማም ብለውኝ ነበር። አሁን እንደማያሟቸው አይተዋል። ይናገሩ።»

ጥርስ ሐኪሙ ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ከመሞታቸው በፊት በነበረው ምሽት ስልክ ደውለውልኝ ነበር። ‹ዶክተር፣ ጠመንጃው የተነገረህን አይደለም። ቁጥሩን የመታሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው› አሉኝ። ‹ነገ ጠዋት ትክክለኛ ዕድሜውን አጣርቼ እነግርሃለሁ። የጎደለብህን ይህን ሱቅ ሸጬም ቢሆን እክስሃለሁ። ሌላ ሰው እንዳትጠይቅ› አሉኝ። እኔ ደግሞ አመንኳቸው። ጠዋት መሞታቸውን ስሰማ እፍረቱን አልቻሉትም ብዬ... ስማቸውን ላለማጉደፍ ነው ዝም ያልኩት።»

ሰደፍ ጠራቢው ክው ብሎ ቀረ።

«ምን አለ?»

«‹እኔ ነኝ የመታሁት› አሉ።»

«እኔ ነኝ አለ?» ሰውየው አንዴ ጥርስ ሐኪሙን አንዴ መርማሪዋን አየ። «የዚያን ቀን ከሰዓት ጠራኝ። ጣቴን ይዞ ሰባቱ ላይ አስቀመጠው። ምንም አልተቆጣኝም። ‹ለሰውየው ዛሬውኑ እነግረዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ደግሞ አዳምጬ ዕድሜውን እቆርጣለሁ› አለኝ። ምን ብለህ ነው የምትነግረው አላልኩትም። ሳልጠይቀው ወጣሁ። ሌባ ተብዬ፣ ሰፈር ፊት ቆሜ፣ ያ ብቻ ነው የታየኝ። ራት ሊበላ ሲሄድ ነው ያስቀመጥኩት።» ግድግዳውን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «አንድ ቃል ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር። እኔ ነኝ ብሎ ነው የሚነግረው። ሁልጊዜ እኮ እንዲያ ነው። ልጅ ሆኜ የሰበርኩትን ሁሉ እኔ ነኝ ሲል ነው ያደገው።»

አዛዡ ካቴናውን ከኪሱ ለማውጣት እጁ ከበደው።

ልጅቷ አጎቷን አላየችውም። ዓይኗ መርማሪዋ ላይ ነው።

«እትዬ፣ እነግርሻለሁ ብለውኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር፣ ልጄ። አንቺ በተናገርሽው አልሞቱም።»

«ያን ጠዋት አዝኖብኝ አልነበረም?»

«እሱን አላውቅም። የማውቀው፣ አዳማጭ ሌላ ነገር እያሰበ እንደማይሰማ ነው። ሁለቱን ሰምተዋል፣ ሦስተኛውን ሊሰሙ ጎንበስ ብለዋል። ሥራቸው ላይ ነበሩ።»

ያን ጊዜ ልጅቷ አለቀሰች። ቀብሩ ላይ ያልወጣው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ያልወጣው ሁሉ ባንዴ መጣ። እናቷ ሞታ ስታለቅስ ይዟት የነበረው፣ ትምህርት ቤት ተመትታ ስትመጣ ይዟት የነበረው አጎቷ ነው። እጇ እንደ ልማዱ ወደሱ ተዘረጋ። መሀል ላይ ስትደርስ የማን እጅ እንደምትይዝ ትዝ አላትና ቆመች።

«አጎቴ» አለች።

እሱ ቀና አለ። የተዘረጋ እጇን መልሳ ደረቷ ላይ ያዘችው። አዛዡ ሰውየውን ብብቱን ይዞ አነሣው፣ በሩን ከፈተና ይዞት ወጣ።